ማን ሞቶበት ነው?

ጠጉር መስተካከልን ሰው እንደ ቀላል ነገር ያየዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እንጅባራ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በዕቅድ ባለሙያነት ተመድቤ፣ ሰኞ ሥራ ልጀምር እሑድ ከሰዓት እዚያው የተወለድኩበት ዳንግላ ጠጉር ቤት ገባሁ። አዲስ መሥሪያ ቤት የሚገባ ሰው ጸድቶ ይግባ ብዬ ነው። ሳልጸዳ ብገባ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር፤ እናንተም ሥራችሁን ትሠሩ ነበር።

አስተካካዩ ከግራ ጆሮዬ ጀምሮ ማሽኑን እያስጮኸ መሃል አናቴ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ።

«ትንሽ ጠብቅ፣ አሁን ይመጣል» አለኝ።

ጠበቅን። መስታወቱ ውስጥ አንድ ሰው በግራ በኩል ታጭዶ በቀኝ በኩል እንደ ቆመ ማሳ ሆኖ ያየኛል። በበሩ የሚያልፈው ሁሉ ቆም ብሎ ሰላምታ ይሰጠኝ ጀመር፤ በሌላ ቀን ቀና ብለው የማያዩኝ ሰዎች ናቸው። መሸ፤ መብራቱ አልመጣም። አስተካካዩ በመጨረሻ አዘነልኝና ምላጭ አወጣ።

«በቃ እኩል ላርግልህ» አለ።

እኩል አደረገው። አንዲት ዘለላ ሳያስቀር እኩል አደረገው።

የእንጅባራን ብርድ የማያውቅ ሰው ጠጉር ለጌጥ የተሰጠ ይመስለዋል። እኔ ግን ሰኞ ጠዋት ከሚኒባስ ስወርድ ገባኝ። ያለኝ ወፍራም ልብስ አንድ ጥቁር ጃኬት ነው። እናቴ ደግሞ «ይህን ራስህን ሸፍነው» ብላ ነጠላዋን ሰጥታኝ ነበር። ጥለቱ ወፈር ስለሚል ሙቀት ይይዛል ብዬ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አገጬ አድርጌ ተከናነብኩት። ይህን የሚያነቡ እናቶች እዚህ ላይ አፋቸውን እንደሚይዙ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፤ ነጠላ ቋንቋ እንዳለው ማን ነግሮኝ!

የሥራ ሂደት መሪያችን ጋሽ አንለይ ይባላሉ። ዘለግ ያሉ፣ ድምፃቸው ከደረታቸው የሚወጣ፣ የዚያው የእንጅባራ ዙሪያ ሰው ናቸው። ራሴን አዩ፣ ነጠላዬን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬት እያዩ እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉኝ።

«አይዞህ ልጄ። ሁሉም ያልፋል» አሉ።

የዕቅድ ሥራ እንዲህ ከባድ ነው እንዴ ብዬ ፈራሁ።

የተሰጠኝ ክፍል ከግቢው ጫፍ ለብቻው የቆመ፣ ድሮ ዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ ነው። አቧራው ተጠርጎ አያልቅም። እኔ ደግሞ አቧራ ሲነካኝ ዓይኔ ደም ይለብሳል፣ አፍንጫዬ ይወርዳል። እንግዲህ ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ጥለት ዘቅዝቆ፣ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ከክፍሉ ብቅ የሚል ሰው ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይጠፋችሁም። ለእኔ ጠፍቶኝ ነበር። ጠጉሬ እንዳያድግ ደግሞ የምላጩ ሽፍታ ራሴን ወረረኝና፣ እስኪድን ድረስ እየደጋገምኩ ተላጨሁ።

ሰው መሃል ተቀምጦ ብቻ መሆን ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከጸሐፊዋ ከእትዬ የሺ ክፍል ሳቅ ይሰማኛል። በሩን ስከፍት ሳቁ ይሞታል። በአገውኛ ይጫወቱ የነበሩት እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ ይዞሩና፣ አማርኛው ላይ ሲደርሱ የሚሉት ያጣሉ። እኔ አገውኛ አልሰማም፤ ዳንግላ ከተማ አስፋልት ለአስፋልት ስሮጥ ያደግሁ ነኝ። ስለዚህ የሚያወሩት ስለ እኔ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው የማያውቀውን ቋንቋ ሲሰማ፣ ሁልጊዜ የሚታማው እሱ ራሱ ነው።

ፈንታሁን የሚባል እኩያዬ የሆነ ባለሙያ አለ። እሱ ይወዳጀኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አንድ ቀን ገበያ መሃል ከሩቅ አይቶኝ፣ ወዲያ ወዲህ ዞር ዞር አለና የሴቶች ጫማ የሚሸጥበት ሱቅ ገባ። ሚስት የለውም። እስኪወጣ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት፤ እሱም እስክሄድ ውስጥ ሆኖ ጠበቀኝ። እሱ አሸነፈኝ።

ምሳ ብቻዬን፣ ሻይ ብቻዬን። ጠዋት ስገባ ለፋይል መደርደሪያው «እንደምን አደርክ» ማለት ጀመርኩ። እሱ እንኳ ፊቱን አያዞርብኝም። ባሕር ዳር ላለ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ደውዬ አለቀስኩበት።

«አንተ ራስህ ኩሩ መስለሃቸው ይሆናል» አለኝ። «ቅረባቸው እንጂ! ቀልድ ንገራቸው።»

በሻይ ሰዓት እትዬ የሺ ክፍል ገባሁና፣ ጋሽ አንለይም ባሉበት፣ ያለኝን አንድ ቀልድ ተናገርኩ። አንድ ሰውዬ የማያውቀው ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ በልቶ በልቶ ሲጠግብ «ሟቹን ታውቀው ነበር?» ቢሉት፣ «እሱን እንኳ አላውቀውም፤ ወጡን ግን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም» አለ።

ዳንግላ ውስጥ ይህ ቀልድ ሰው አስወድቋል። እዚህ ግን ጋሽ አንለይ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፈንታሁን ብርጭቆውን አስቀመጠ። እትዬ የሺ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ወጡ። እኔ ብቻ የጀመርኩትን ሳቅ የት እንደማደርሰው ጨንቆኝ ቀረሁ።

ጓደኛዬ ደግሞ «እንግዲያው አብላቸው» አለኝ። ከአከራዬ ቤት ዳቦ አስጋግሬ ቆሎ ይዤ ገባሁ። ሁሉም ተነሥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። «ስለ ነፍስ ይሁንልህ» አሉኝ ጋሽ አንለይ። የአካባቢው ሰው ቆሎ ሲሰጡት እንዲህ ነው የሚመርቅ ብዬ «አሜን» አልኩ። ቀጥዬም፣ እንዳልረሳው፣ አከራዬ ሽሮ ስትሰጠኝ «ስለ ነፍስ ይሁንልሽ» አልኳት። እሷ ድስቷን ይዛ ለብዙ ጊዜ አየችኝ።

ያች ቅዳሜ የመጣችው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። የዕቅድ ሪፖርት ይዞኝ ሁለት ሳምንት ዳንግላ አልሄድኩም ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ የመሥሪያ ቤታችን መኪና ዘፈን እየጮኸባት አለፈች። እትዬ የሺ አጊጠዋል፤ ፈንታሁን ከበሮ ይዟል። ወደ ዘንገና ሐይቅ ለሽርሽር ነው የሚሄዱት። ማንም አልነገረኝም።

መቼም ክብር ያለው ሰው ቤቱ ገብቶ ይተኛል። እኔ ባጃጅ ያዝኩ።

ሐይቁ ዳር ስደርስ ጭፈራው ደርቷል። ጋሽ አንለይ ብቻ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ። መጀመሪያ ያየኝ ፈንታሁን ነው፤ እጁ ከበሮው ላይ ደረቀ። የመኪናው ዘፈን ወዲያው ተዘጋ። ሁሉም እንደ ቆሙ አቀረቀሩ፤ ሳልጠራ የመጣሁት እኔ ሳልሆን እነሱ ሲሰርቁ የደረስኩባቸው ይመስላል።

«ና ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ እትዬ የሺ ቀስ ብለው። «ከቁም ነገር አልቆጠርነውም እኮ። እንዲያው አየር ለመቀበል ብለን ነው።»

ተቀመጥኩ። ዝም ብለን ውሃ ስናይ አንዲት ጦጣ ከዛፍ ወርዳ የፈንታሁንን ዳቦ ከጭኑ ላይ መንትፋ ሄደች። እንዲያውም ዞር ብላ አየችው። ሳቄ አመለጠኝ። ስንት ጊዜ ሳልስቅ ስለቆየሁ አንዴ ከመጣ አልቆም አለኝ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ቀና ስል አብሮኝ የሚስቅ አንድም ሰው የለም። እትዬ የሺ ወደ ጋሽ አንለይ ዞረው በአገውኛ ብዙ ነገር አሉ። ጋሽ አንለይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሁሉ ንግግር የገባኝ «እሑድ» የምትለዋ ብቻ ናት።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ።

አከራዬ ቀድማኝ ወጥታ ነበር። እኔ በሩን ስከፍት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ደጄ ላይ ቆሟል። አምላክ የልቤን ሰምቶ እንግዳ አመጣልኝ ብዬ ፊቴ በራ። ከዚያ ልብ አልኩ። ጊዜው ንጋት ነው። ሁሉም ነጠላ ለብሰዋል። ሽማግሌው ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ማንም ሰላም አላለኝም። ሐበሻ እንዲህ ሆኖ በሰው ደጅ የሚቆመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመርዶ።

«ማነው?» አልኩ።

«ግባ ልጄ፤ ገብተን እንቀመጥ» አሉ ጋሽ አንለይ።

እንዲህ ከተባለ አለቀ! «እናቴ ናት? ጋሽ አንለይ፣ እናቴ ናት?» ብዬ ጮኽኩ።

ጋሽ አንለይ ክው አሉ። «አዬ!» አሉና ግንባራቸውን ያዙ። «እናት ናት ለካ! አዬ እናት!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። መሬት ላይ ነበርኩ። እትዬ የሺ ላዬ ላይ ናቸው። አከራዬ የሟችን ስም ስላላወቀች «የማላውቅሽ እናቴ» እያለች ሙሾ ታወርዳለች። ፈንታሁን ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። ከሁሉም የሚያስገርመው ጋሽ አንለይ ናቸው። ያ ወፍራም ድምፃቸው እንደ ሕፃን ተሰብሮ፣ ሰው እየያዛቸው አልያዝ አሉ።

ትንሽ ነፍስ ስዘራ ስልኬን ፈለግሁ። ኔትወርክ የለም። «ዳንግላ ውሰዱኝ፤ ቀብሯ ሳያመልጠኝ!» አልኩ።

ባልደረቦቼ ተያዩ። «ቀብሯ?» አለ ፈንታሁን። በአገውኛ ተመካከሩ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሐዘኑ አእምሮውን ነክቶታል፣ ወደ ዘመዶቹ እናድርሰው ነው ያሉት።

ሚኒባስ ሞላነው። አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ አንዲት ሴትዮ ተሳፈሩና ሁኔታችንን አይተው «መቼ ነው ያረፉት?» ብለው ጠየቁ።

«ዛሬ ሌሊት» አልኩ እኔ።

«ቆየ፤ ወራት አልፎታል» አሉ እትዬ የሺ ከእኔ እኩል።

ዞሬ አየኋቸው። «ቆየ? እናቴ ሞታ ወራት ሲያልፍ ነው ዛሬ የምትነግሩኝ?» ደግሞ ሳስበው ከሁለት ሳምንት በፊት ሽሮ ቋጥራልኛለች። ሟች ሽሮ ይቋጥራል? ነገሩ ጠፋብኝ፤ የጠፋብኝን ያህል አለቀስኩ። ሴትዮዋ ማንን እንደሚያምኑ ቸግሯቸው ለሁላችንም «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ።

የእናቴ ግቢ በር ክፍት ነበር። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ የደቀቀ በርበሬ በትልቅ ሰፌድ ይዛ ልታሰጣ ግቢው መሃል ቆማለች።

አየኋት። አየችኝ። ከእኔ ኋላ ያለውንም አየች፦ ሽማግሌው፣ ነጠላው፣ እንባው።

ወንድሜ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ነበር። እናቴ ሰፌዱን ወደ ላይ ወረወረችና «ወየው ልጄን!» አለች።

በርበሬው በአየር ላይ ተነሥቶ በሁላችንም ላይ ወረደ። እስካሁን ያላለቀሰም ካለ አሁን አለቀሰ። ሾፌሩ ሳይቀር፣ ሒሳብ ቀረኝ ብሎ ተከትሎን የገባው፣ ዓይኑን ይዞ አጥር ላይ ተንጠለጠለ።

«እማ!» ብዬ ተጠመጠምኩባት። «አለሽ እንዴ?»

«ወንድምህ ነው? ንገረኝ! ወንድምህ ነው?»

«ወንድሜም ሞተ?» አልኩና አዲስ ጩኸት ጀመርኩ።

ጎረቤቱ ጩኸት ሰምቶ እያለቀሰ ገባ፤ ስለ ማን እንደሚያለቅስ የጠየቀ የለም። በመጨረሻ እትዬ የሺ እያስነጠሱ መሃላችን ገቡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆዩ! ቆዩ እስቲ ባምላክ! እኒህ ሴትዮ ማን ናቸው?»

«እናቴ ናት!» አልኩ።

«እናትህ አልሞቱም?»

«እናንተ ናችሁ ሞተች ያላችሁኝ!»

«አንተ ነህ እንጂ!» አሉ ጋሽ አንለይ። «እኛ ማን እንደሞተብህ መቼ እናውቃለን? ልንጠይቅህ ነው የመጣን።»

«ማንም አልሞተብኝም!»

ግቢው ውስጥ ማስነጠስ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ታዲያ» አለ ፈንታሁን፣ የወራት ጥያቄውን አሁን ገና አወጣው፣ «ራስህን ምን ሆነህ ነው የተላጨኸው?»

«መብራት ሄዶብኝ!»

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ግን ስትስቅም እየመታችኝ ነው፤ በጥለቱም፣ በጃኬቱም፣ በራሴም ምክንያት ለየብቻ መታችኝ። የጎረቤት ስልክ ኔትወርክ ነበረውና ወንድሜ ጋ ደወልን። ደኅና ነው፤ ደኅና መሆኑን ደጋግመን ስንጠይቀው ተቆጥቶ ዘጋብን። ከዚያ ቤት ተገባ፣ ለለቅሶዬ ያመጡት ዳቦ ተቆረሰ፣ ሾፌሩም ዓይኑን ታጥቦ አብሮ ቀረበ።

«መጀመሪያ ቀን ነው መጠየቅ የነበረብን» አሉኝ እትዬ የሺ ዳቦውን እያጎረሱኝ። «አንዱ ጠይቆታል ስንል ቀረ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ለቅሶ ያልደረሱትን ሰው በምን ዓይን ያዩታል? አፍረንህ ነው።»

ፈንታሁንም አቀርቅሮ፣ «ያን ዕለት እኮ ባለሱቁ ጫማ ካልለካህ ውጣ ብሎኝ ነበር» አለ።

ይህን ሁሉ ጊዜ የጠሉኝ የመሰሉኝ ሰዎች እየተሸማቀቁብኝ ነበር። መናደድ እንዳለብኝ ወይስ ማመስገን ሊገባኝ አልቻለም። ሁለቱንም ለማድረግ ሞክሬ ዳቦው አነቀኝ።

ሁሉም ሲስቅ ጋሽ አንለይ አይስቁም። እናቴ ያንን አየች። እሷ ደግሞ ያየችውን አትተውም።

«እርስዎ ጌታዬ» አለቻቸው፣ «የማያውቁኝን ሴት እንዲህ ማልቀስዎ ምንድነው? ከልጄ ዓይን ይልቅ የርስዎ ነው ያበጠ።»

«በርበሬው ነው እመቤቴ።»

«በርበሬው ከተበተነ ቆየ።»

ጋሽ አንለይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። «ባለቤቴ አምና አረፈች» አሉ። «ድንኳን ሙሉ ሰው ነበር። ማን ተቀመጠ፣ ማን በላ ስል፣ እኔ ሳላለቅስላት ሰልስቷ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቢሮ ገባሁ። የሥራ ሂደት መሪ ቢሮ ውስጥ አያለቅስም። ዛሬ ሰበብ አገኘሁ መሰለኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ጋሽ አንለይ፣ እኛ እኮ ደርሰን ነበር!» አሉ እትዬ የሺ ደንግጠው።

«ደርሳችኋል። አብልታችሁኛል፣ አጽናንታችሁኛል። ከዚያ ወዲያ ግን ስሟን ያነሣብኝ የለም።»

«ቁስል እንዳንነካ ብለን ነው...»

«አውቃለሁ።»

እናቴ ተነሥታ ሌላ ዳቦ ቆረሰችና እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው፤ እስኪበሉም ከአጠገባቸው አልተነሣችም።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ሳቁ እኔን አይቶ አልቆመም፤ ይልቁንም ባሰበት። ምሳ ሰዓት ላይ ፈንታሁን «ና እንሂድ» ሲለኝ፣ እኔ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። የጋሽ አንለይ በር ዝግ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሁልጊዜ ዝግ ነው። አለቃ ስለሆኑ ይመስለን ነበር።

ፈንታሁንን «ቅደም» ብዬ ምሳ ዕቃዬን ይዤ አንኳኳሁ።

«ምንድነው? ዕቅዱ አለቀ?» አሉ።

«አላለቀም።»

«ታዲያ ምን ፈለግህ?»

«ምሳ እንብላ ብዬ።»

ምሳ ዕቃዬን አዩ፣ እኔን አዩ። ወንበር ላይ የነበረውን ወረቀት አነሡልኝ። ተቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ ዐዋቂ ሰው የሚለው ነገር ይኖራል፤ እኔ ጋ ግን አልነበረም። ጥቂት ጎርሼ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ደግሜ ጠጥቼ፣ እንዲያው አፌ ላይ የመጣውን አወጣሁት።

«ባለቤትዎ ስማቸው ማን ነበር?»

ጋሽ አንለይ ጉርሻቸውን መለሱት። ቁስሉን ነካሁት ብዬ ልነሣ ስል «ትሁን» አሉ። «ትሁን ነው ስሟ።»

ከዚያ ጀመሩ። መጀመሪያ በአማርኛ ነበር፤ እንዴት ገበያ ላይ እንዳገኟት፣ እንዴት አባቷ እንቢ እንዳሉ። አባቷ እንቢ ያሉበት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ እሳቸውም ሳያውቁት፣ ወሬው ወደ አገውኛ ገባ። ልነግራቸው አሰብኩ። ፊታቸውን ሳይ ግን አልቻልኩም። «ትሁን» የሚለው ስም ሲመጣ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ሲስቁ እስቃለሁ፤ ዝም ሲሉ ዝም እላለሁ። ምሳችን ቀዘቀዘ። አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉና አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያዩ መልሴን ጠበቁ።

«አዎ» አልኩ።

ደስ አላቸውና ቀጠሉ። በምን እንደተስማማሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።